ሦስተኛው ቅዳሜ

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ የቴክኖሎጂ ክበብ በሚከፈትበት ቀን አዳራሽ መሙላት ቀላል ነው። ባነር ይሰቀላል፤ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት እንግዳ ይጋበዛል፤ ተማሪው በመምህሩ እየተመራ ይመጣል፤ ፎቶ ይነሣል። በሁለተኛው ቅዳሜ ግማሹ ይቀራል። የክበቡ ዕድሜ የሚታወቀው በሦስተኛው ነው። የሥራ ቀኖቼን የማሳልፈው ኮምፒውተር በማስተማርና በመጠገን ነው፤ ቅዳሜን ደግሞ ካውያ፣ ቴስተርና አሮጌ ላፕቶፕ ይዘው ከሚሰባሰቡ ልጆችና ጎልማሶች ጋር ነኝ። በእነዚህ ቅዳሜዎች ያየሁት፣ ሰውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያመጣው ነገርና የሚያመላልሰው ነገር የተለያዩ መሆናቸውን ነው። አብዛኛው ክበብ ግን ገንዘቡንም ጉልበቱንም በመጀመሪያው ቀን ላይ ይጨርሳል።

ማስታወቂያ ሲለጠፍ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ሰርተፊኬት አለው?» የሚል ነው። ጠያቂው የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አበልም ያነሣል። በዚህ መሳቅ አይገባም። ሥልጠና በአገራችን ለብዙ ዓመታት ከአበልና ከወረቀት ጋር ሲቀርብ ኖሯል፤ ወጣቱም ሥራ ፍለጋ ሲወጣ የሚጠየቀው ወረቀት ነው። በፍላጎት ብቻ የሚሰባሰብ ክበብ ሁለቱንም መስጠት ስለማይችል፣ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ከስልኩ ሊያገኘው የማይችለውን ነገር መስጠት አለበት።

ትምህርት ብቻ ቢሆን ኖሮ ስልኩ ይበቃው ነበር። ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ መነሻ ትምህርቶችን በነፃ ይሰጣል። ወደ እኛ ከሚመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ መሐል ላይ ቆመዋል። አንዱን እንግሊዝኛው አስቸግሮታል፤ ሌላውን የዳታ ዋጋ፤ ሌላዋ ደግሞ ማታ 4 ሰዓት ላይ ፕሮግራሟ አልሠራ ሲላት የምትጠይቀው ሰው አጥታ ትታዋለች። ለእነዚህ ልጆች ስለ ቴክኖሎጂ ጥቅም ንግግር ማድረግ የሚጨምርላቸው ነገር የለም። «የቆማችሁበትን ገጽ ይዛችሁ ኑ» ሲባሉ ግን ይመጣሉ፤ ያንኑ ገጽ ባለፈው ሳምንት የተሻገረ ልጅ አጠገባቸው ይቀመጣልና።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። እዚህ የገጠር መሬት አዋጅ በታወጀ ማግስት፣ የካቲት 26 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በካሊፎርኒያዋ ሜንሎ ፓርክ በጎርደን ፍሬንች ጋራዥ ውስጥ 32 ያህል ሰዎች ተሰባሰቡ። ኋላ ሆምብሩ የኮምፒውተር ክበብ የተባለው ይህ ነው። ፍሬንችና ፍሬድ ሙር የበተኑት የጥሪ ወረቀት፣ የራስህን ኮምፒውተር እየሠራህ ነው ወይ ብሎ አንባቢውን የሚጠይቅ ነበር። ከመጡት አንዱ ስቲቭ ዎዝኒያክ ሲሆን፣ በዓመቱ አፕል 1ን ሠርቶ ያሳየው ለእነዚሁ የክበቡ ሰዎች ነበር። ክበቡ አድጎ ስታንፎርድ ወዳለ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል አዳራሽ ሲዛወር፣ መድረኩን የሚመራው ሊ ፌልሰንስታይን ጊዜውን ለሁለት ከፈለው። መጀመሪያ ሰዎች እየተነሡ ምን እንዳላቸው፣ ምን እንደሚፈልጉና ምን እንደሰሙ ይናገራሉ። ከዚያ ሁሉም ከወንበሩ ተነሥቶ የሚፈልገውን ሰው ይፈልጋል። እኛም ይህንኑ ወስደናል። ሰው ንግግር ብቻ ሰምቶ ከወጣ አጠገቡ የተቀመጠውን እንኳ ሳያውቅ ይሄዳል፤ ከአንድ ሰው ጋር አንድ ስልክ የፈታ ግን ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀጠሮ ይዞ ነው የሚወጣው።

ማስታወቂያውም በዚሁ መንገድ መጻፍ አለበት። «ስለ ቴክኖሎጂ ውይይት ስለሚደረግ ሁላችሁም ተጋብዛችኋል» የሚለው ጥሪ ማንንም ስለማይነካ ማንንም አያንቀሳቅስም። «ቻርጅ አልይዝ ያለ ስልክ፣ የሚያንሾካሹክ ሬዲዮ፣ የቆመ ላፕቶፕ ያለው ቅዳሜ 8 ሰዓት ይዞት ይምጣ፤ አብረን እንከፍተዋለን» ሲባል ግን እያንዳንዱ ቤት ቢያንስ አንድ ዕቃ ትዝ ይለዋል። በቡታጅራ በኩል ደግሞ በርበሬ አለ። መጋዘን ውስጥ እርጥበት የሳበ በርበሬ ይሻግታል፤ ነጋዴውም ጉዳቱን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ከሻገተ በኋላ ነው። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ከአርዱዊኖ ቦርድ ጋር አገናኝቶ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ማድረግ ለጀማሪ የሚከብድ ሥራ አይደለም። «የበርበሬ መጋዘን እርጥበት መለኪያ እንሠራለን» የሚል ወረቀት «የኢንተርኔት ኦፍ ቲንግስ መግቢያ» ከሚለው የበለጠ ሰው ያመጣል፤ ልጁን ብቻ ሳይሆን ነጋዴ አባቱንም።

የሚለጠፍበት ቦታም ለውጥ አለው። የቀበሌ ሰሌዳ ላይ የሚቆመው መታወቂያ ሊያወጣ የመጣ ሰው ነው። ፎቶ ኮፒ ቤትና ሞባይል ጥገና ሱቅ ግን ወረፋ የሚጠብቅ፣ እጁ ላይ የተበላሸ ዕቃ የያዘ ሰው አይጠፋም። በየትምህርት ቤቱ ያለው ሚኒ ሚዲያ ከማንኛውም ፖስተር ይበልጣል፤ ተማሪው ራሱ ሲያነበው ደግሞ ይበልጥ ይሰማል። ቴሌግራም የሚጠቅመው አንድ ጊዜ የመጣውን ለማስታወስ ነው፤ ያልመጣውን ለማምጣት ግን ያየሁት አቅሙ ትንሽ ነው።

ጥገና ሱቆቹ መጀመሪያ ላይ በጥርጣሬ ነው የሚያዩን። አንድ አንጋፋ ጠጋኝ ወረቀታችንን ካነበቡ በኋላ «ደንበኛዬን በነፃ ልትወስዱብኝ ነው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኛ ያቃተንን ወደ እርስዎ እንልካለን» አልኳቸው። «የሚያቅተን ደግሞ ብዙ ነው።»

ሳቁና ወረቀቱን መስተዋታቸው ላይ ለጠፉት። ኋላም ራሳቸው እየመጡ ስታኞ እንዴት እንደሚቀልጥ ለልጆቹ ማሳየት ጀመሩ። በማንኛውም ከተማ ያለ ክበብ መጀመሪያ ሊወዳጀው የሚገባው የዚህ ዓይነቱን ሰው ነው፤ ባለሙያው ያመነበትን ነገር ደንበኛውም ያምነዋል።

ቀንና ሰዓት መምረጥ በእነዚህ ከተሞች ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ዓርብ ጁምዓ አለ፤ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በገበያ ቀን ሱቅ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች አይለቀቁም። ቅዳሜ 8 ሰዓት የሚሻለው ለዚህ ነው። በረመዳን ወደ ጠዋት ማምጣትና ማሳጠር ያስፈልጋል። ማለቂያው ከመጀመሪያው ይልቅ ይከበር፤ 10 ሰዓት ተኩል ላይ የሚያልቅ ከሆነ ሴቶቹ ልጆች ሳይመሽ ቤታቸው ይገባሉ፤ ወላጅም ሁለተኛ ጊዜ ሲጠየቅ አያመነታም። ሰዓቱ አንድ ቀን ቢያልፍ ቀድመው የሚቀሩት እነርሱ ናቸው። መብራትም አለ። መብራት ሲጠፋ የሚበተን ክበብ አይዘልቅም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቅዳሜ በመስኮት ብርሃን የሚሠራ ሥራ ተዘጋጅቶ ይቆየናል፤ ዕቃ መፍታት፣ ሰርኪዩት በወረቀት መሣል፣ በባትሪና በቴስተር መለካት።

ማን ላይ እንደሚመሠረትም ማሰብ ያሻል። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ጉብሬ ላይ ስላለ ተማሪዎቹን መጋበዝ ቀላል ነው፤ እውቀታቸውም ትልቅ እርዳታ ነው። ይሁንና ከየክልሉ የመጡ ናቸውና ክረምት ሲገባ ወደ አገራቸው ይሄዳሉ። የከተማው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ደግሞ ጊዜ የሚያገኘው በዚያው በክረምት ነው። ምሰሶው የከተማው ነዋሪ፣ ማለትም መምህሩ፣ ጠጋኙና ተማሪው ከሆነ የዩኒቨርሲቲው ልጆች ሲኖሩ ክበቡ ይደምቃል፤ ሲሄዱም አይዘጋም።

ሰው ተሰባስቦ እንዴት እንደሚዘልቅ ጉራጌ አገር ላይ ከውጭ መማር አያስፈልግም። እቁብተኛ የማይቀረው ገንዘቡ ስላለበት ብቻ አይደለም፤ ዳኛው ስሙን ያውቃል፣ ጸሐፊው ይመዘግባል፣ ዕጣውም አንድ ቀን ይደርሰዋል። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች መዋጮ ሰብስበው መንገድ ያሠሩበት ማኅበር የተመሠረተውም እንዲህ መሰባሰብ በለመደ ሕዝብ መካከል ነው። እኛም ተራ አበጀን። በየሳምንቱ አንዱ የሚከፈተውን ዕቃ ያመጣል፤ አንዷ የተሠራውን ትመዘግባለች፤ አንዱ የክፍሉን ቁልፍ ይዞ ያድራል። ቁልፍ የያዘ ልጅ አይቀርም።

የቀረውንም መጠየቅ ያስፈልጋል። ቡታጅራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አላት፤ እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም ለረጅም ዓመታት ያገለገለ መረጃ ያከማቸው፣ መረጃ ሰብሳቢዎቹ ሰውን እቢሮ ሳይጠብቁ በየቤቱ እየተመላለሱ ስለጠየቁ ነው። እኛ ለቀረ ሰው እንደውላለን። ወቀሳ የለውም፤ «ሬዲዮህን ከፍተን እንዳስቀመጥነው ነው፣ ያለ አንተ አልነካነውም» ይበቃል። በጥሪው ውስጥ ምክንያቱም ይሰማል፤ የሥራ ፈረቃው ተቀይሯል፣ ወይም ባለፈው ጊዜ በሰው ፊት የጠየቀው ጥያቄ ተስቆበታል። የመጀመሪያውን መለወጥ አንችልም። ሁለተኛው ግን የአወያዩ ኃላፊነት ነው፤ ጥያቄ የሚሳቅበት ጠረጴዛ በማስታወቂያ አይሞላም።

በዓል ሲመጣ ክበብ ይዘጋል የሚለው ልማድ ለእኛ አገር አይሠራም። ለመስቀል ከአዲስ አበባና ከሌላውም ከተማ የሚመጣው ተወላጅ ብዙ ነው፤ ለዐረፋም እንዲሁ። ከእነዚህ መካከል መርካቶ ኤሌክትሮኒክስ የሚነግድ፣ ሶፍትዌር ድርጅት የሚሠራ፣ ቴሌኮም ውስጥ ያለ አይጠፋም። በበዓሉ ሰሞን ክትፎው ከተበላ በኋላ ባለች አንድ ከሰዓት በኋላ የሚደረግ አጭር ስብሰባ፣ በሌላ ጊዜ ትራንስፖርት ከፍለን የማናመጣውን ባለሙያ በራሱ እግር ያመጣልናል። ልጆቹም ከራሳቸው ሰፈር የወጣ ሰው ምን እንደሚሠራ ይሰማሉ። አብዛኞቹ እንግዶች ሲመለሱ ስልካቸውን ለአንድ ሁለት ልጅ ሰጥተው ነው የሚሄዱት።

ሪፖርት ስንጠየቅ የሚሰጠን ቅጽ «የተሳታፊ ብዛት፦ ወንድ፣ ሴት፣ ድምር» ይላል። እኛ ከጎኑ «ለሦስተኛ ጊዜ የመጣ» የሚል ዓምድ ጨምረናል። ይህ ቁጥር ሁልጊዜ ከድምሩ ያነሰ ስለሆነ ለአለቃ ሲቀርብ አያምርም። ነገር ግን ክፍል መቀየር ሲመጣ ወንበር የሚሸከሙት፣ ለዲቫይደር መግዣ የሚያዋጡት፣ አዲስ ሰው በር ላይ ሲያመነታ ግባ የሚሉት በዚህ ዓምድ ውስጥ ያሉት ናቸው። ክበብ ለመክፈት ያሰበ መምህርም ሆነ በጀት የሚመድብ ኃላፊ ሥራውን በዚህ ዓምድ ቢመዝን፣ ባነሩን አሳጥሮ የሁለት ካውያ ዋጋ ያተርፋል።