በቆላ አገር በቤትና በጎተራ ዙሪያ አይጥን ስለ መከላከል

ዝናብ ቀረ ወይም አንበጣ ታየ በተባለ ጊዜ ገዥውም ባለ መሬቱም ይደነግጣል፤ ደብዳቤ ይጻፋል፣ መልእክተኛ ይላካል። ተሰብስቦ ጎተራ ከገባው እህል ላይ አይጥ የሚወስደውን ግን እንደ ጥፋት የሚቈጥረው ሰው ጥቂት ነው። ሒሳቡን ብናደርገው እንዲህ ነው። አንድ ያደገ የቤት አይጥ በአንድ ሌሊት 15 ግራም ያህል እህል ይበላል። ይህ ከአንድ እፍኝ ያነሰ ስለ ሆነ ተንቆ ያልፋል። ነገር ግን በአንድ ጎተራ ሥር 20 አይጥ ቢኖር በሌሊት 300 ግራም፣ በወር 9 ኪሎ፣ በዓመት ከ1 ኩንታል በላይ ይሆናል። ይህም የበላው ብቻ ነው፤ በሽንቱና በዐይነ ምድሩ ያበላሸው፣ ከረጢት ቀድዶ ያፈሰሰው፣ ለዘር የተቀመጠውን ፍሬ ጫፉን እየነከሰ እንዳይበቅል ያደረገው ከዚህ ቊጥር አልገባም።

ጎተራ ጠባቂው ስለ ጉድለቱ ሲጠየቅ አይጥ በላው ይላል፤ አለቃውም አያምነውም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ተረት ለዚህ ዓይነቱ ፍርድ የተነገረ ይመስላል። ሆኖም እውነቱን ለመናገር በዚህ ነገር ዳዋውም ንጹሕ አይደለም፤ መሸሸጊያ ሰጥቶታልና። አይጥን የሚያበዛው መጠጊያ ነው፤ መጠጊያውን ሳይነሡት የሚዘረጋው ወጥመድና የሚበተነው መርዝ፣ ይልቁንም አንዱ ቤት ሲያደርገው ጎረቤቱ የተወው እንደ ሆነ፣ ለጥቂት ሳምንት ያሳርፍ ይሆናል እንጂ መድኃኒት አይሆንም። ጉዳዩ ከባለቤቱ አልፎ የአገር ገዥና የወረዳ ሹም ሥራ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

በደረቅ ቆላ የአይጥ ነገር ከደጋው ይልቅ የሚከፋበት ምክንያት አለው። በበጋ ሜዳው ሁሉ ሲደርቅ ጥላ፣ ውሃና ምግብ በአንድነት የሚገኙት ሰው በሠፈረበት ቦታ ብቻ ነው። የግራር እሾህ አጥር፣ የማሽላ አገዳ ክምር፣ የቁልቋል ጥቅጥቅ፣ ከግድግዳ ጋር ተደግፎ የተከመረ ማገዶ፣ የፈረሰ የድንጋይ ካብ፤ እነዚህ ሁሉ ለአይጥ የተሠሩ ቤቶች ናቸው። አይጥ ገላጣ መሬት መሻገር እጅግ ይፈራል፤ ጭልፊትና ጉጉት ያነሡታልና። እንግዲህ ከጎተራውና ከቤቱ ዙሪያ እስከ 3 ሜትር ድረስ ሣሩ ተነቅሎ፣ ጉድፉ ተጠርጎ፣ አገዳውም ርቆ ቢከመር፣ አንድ ብር ሳይወጣበት ከሥራው ትልቁ ክፍል ተፈጸመ ማለት ነው። ማገዶ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ቢደረደር ሥሩን ድመትም ሰውም ሊያይ ይችላል። ለከብትና ለዶሮ የተቀመጠ ውሃ ማታ ማታ መከደን አለበት።

ጠላትን ለመውጋት ማንነቱን ማወቅ ያስፈልጋል። በጣራና በግድግዳ ላይ የሚወጣው ጅራተ ረጅም የቤት አይጥ ከእስያ ተነሥቶ በመርከብና በንግድ መንገድ ዓለምን ያዳረሰ ነው፤ በሣር ክዳን ውስጥ ጎጆ ይሠራል። በእርሻ ላይ የሚከፋው ግን የአገሩ ተወላጅ የሆነው ባለ ብዙ ጡት የሚባለው አይጥ ነው። ከዚህ ወገን አንዱ በአዋሽ ሸለቆ ተገኝቶ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. በአዋሽ ስም በሊቃውንት መዝገብ ገብቷል። የዚህ ወገን ሴቲቱ ከ3 ሳምንት ጥቂት ብቻ በሚያልፍ እርግዝና 10 ወይም ከዚያ በላይ ልትወልድ ትችላለች። በቀን ብርሃን በሣር መካከል እየሮጠ የሚታየው ባለ ሻካራ ጠጉር የሣር አይጥ ሦስተኛው ነው። ፍልፈል ግን ሌላ ነው፤ በምድር ውስጥ ሥር እየበላ የሚኖር ስለ ሆነ ከጎተራ ነገር አይገባም።

ወደ ጎተራው እንመለስ። በልማድ ጎተራ በጥቂት ድንጋይ ላይ ይቆማል፤ ይህ እርጥበትን ይከላከል ይሆናል፣ አይጥን ግን አይከለክልም። የጎተራው ወለል ከመሬት ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ከዚያ ያነሰውን አይጥ ዘልሎ ይይዘዋል። እግሮቹ እንጨት ከሆኑ አይጥ ይወጣባቸዋልና በእያንዳንዱ እግር ላይ፣ ከወለሉ በታች፣ እንደ ጃንጥላ የተዘቀዘቀ የቆርቆሮ መከለያ ይደረግ፤ ስፋቱም ከእንጨቱ ዙሪያ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ ያለ ይሁን። አሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ለዚህ ይበቃል። ይህን ሁሉ ደክሞ ሠርቶ መሰላሉን ደግፎ የሚተው ሰው ብዙ ነው፤ አይጥ ግን መሰላል መውጣት ከሰው ይልቅ ይችላል። መሰላል ከሥራ በኋላ ይነሣ። ዛፍና አጥርም ከጎተራው 2 ሜትር ይራቅ፤ በላዩ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ይቈረጥ።

ቀዳዳውን በተመለከተ፣ የአይጥ ግልገል የጣት ውፍረት በሚያህል ቀዳዳ ይገባል፤ ትንሿ የቤት አይጥ ደግሞ 6 ሚሊ ሜትር ይበቃታል። ስለዚህ ለመስኮትና ለነፋስ መግቢያ የሚደረገው የሽቦ ወንፊት ዓይኑ ከዚህ የጠበበ መሆን አለበት። ጭቃ ብቻ በቀዳዳ ውስጥ ቢመረግ በማግሥቱ ይቦረቡረዋል፤ ድንጋይ ጠጠር ወይም የተሰበረ ጠርሙስ ቀላቅሎ መምረግ፣ ሲሚንቶ ከተገኘም በሲሚንቶ መድፈን ይሻላል። የመጋዘን በር ታችኛው ክፍል በቆርቆሮ ይለበጥ። በዚህ ዘመን አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ከረጢት ለገበሬው ሲታደል እንመለከታለን፤ ነቀዝን በማፈን መግደሉ እውነት ነው፣ አይጥ ግን በጥርሱ ይበሳዋል፣ ከተበሳ በኋላም ለነቀዝ እንኳ አይረባም። ከረጢቱን የሚያድል ሹም እንግዲህ ስለ መጋዘኑም ማሰብ አለበት። በብረት የተሠራ ጎተራ ግን ሁለቱንም ይከለክላል፤ ዋጋው ቢወደድም ብዙ እህል ለሚያከማች ባለ መሬት የሚከስርበት አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው በተለይ የእርከን ሥራ የሚያሠሩትን ሹማምንት ይመለከታል። የድንጋይ እርከን አፈርን እንደሚያድን የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በድንጋዩ መካከል ያለው ክፍተት ለአይጥ የተመቸ መኖሪያ ይሆናል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በትግራይ ከፍተኛ ቦታ ያደረጉትን ጥናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. አሳትመው ነበር፤ እርከኑ በተቀራረበበት እርሻ አይጡም በዝቶ፣ በሰብሉ ላይ የደረሰውም ጉዳት ከፍ ብሎ አግኝተውታል። በቆላውም ካብ ያው ካብ ነው። ይህን ሰምቶ እርከን ይፍረስ የሚል ቢኖር ከአይጡ የባሰ ጥፋት ያደርሳል፤ አፈሩ አንድ ጊዜ ከሄደ አይመለስምና። የሚሻለው፣ ካቡ ሲሠራ ክፍተቱን በጠጠርና በአፈር መሙላት፣ በአጠገቡ የሚበቅለውን አረም ከአዝመራ በፊት ማጨድ፣ የፈረሰውንም ቶሎ መጠገን ነው። እርከን ባሠራንበት መዝገብ ላይ ይህ የጥገና ሥራ አብሮ ቢጻፍ መልካም ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የተሠራው ርዝመት ብቻ ነውና።

ጊዜውን መምረጥ ከግማሽ በላይ ድል ነው። የእርሻ አይጥ የሚራባው ዝናብን ተከትሎ ነው፤ ሣሩ በቅሎ ፍሬ ሲይዝ መውለድ ይጀምራል፣ ከአዝመራ በኋላም ቊጥሩ ከሁሉ ይበልጣል። ሕዝቡም የሚጮኸው በዚህ ጊዜ ስለ ሆነ ትእዛዝ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው፤ ግን ዘግይቷል። አይጥ ጥቂትና የተራበ የሚሆነው በበጋው መጨረሻ፣ ከዝናብ በፊት ነው። ያን ጊዜ የተገደለች አንዲት እናት ከነሚመጣው ዘሯ ሁሉ ጠፋች ማለት ነው። በልግ የሚዘራበት አገር ከበልግ በፊት፣ መኸር ብቻ ያለበትም ከክረምት በፊት ሊሠራው ይገባል።

ሕዝቡን ለማትጋት ሲባል ለእያንዳንዱ የአይጥ ጅራት ገንዘብ ይከፈል የሚል አሳብ በየጊዜው ይነሣል። ይህ በሌላ አገር ተሞክሯል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ዓ.ም. የሐኖይን ከተማ ይገዙ የነበሩ ፈረንሳዮች የወረርሽኝ በሽታ ፈርተው በጅራት ልክ ዋጋ ወሰኑ። ብዙ ሺህ ጅራት መጣላቸው። ጥቂት ቆይቶ ግን ጅራት የሌላቸው አይጦች በከተማው ሲሮጡ ታዩ፤ ሰዎቹ ጅራቱን እየቈረጡ አይጡን እንዲወልድ ይለቁት ነበርና። በከተማው ዳርቻም አይጥ የሚያረቡ ተገኙ፤ ክፍያውም ቀረ። በጅራት ፈንታ የጸዳውን ግቢና የተደፈነውን ቀዳዳ መቊጠር ይሻላል፤ የተደፈነ ቀዳዳ አይረባምና።

ወጥመድን በተመለከተ፣ የቤት አይጥ አዲስ ነገር ይጠራጠራል። ወጥመዱ ሳይጠመድ ከነምግቡ ጥቂት ሌሊት ይቀመጥ፤ መብላት ሲለምድ ብዙውን ወጥመድ በአንድ ሌሊት ማጥመድ ነው። ቦታውም የግድግዳ ሥር ይሁን፤ አይጥ በግድግዳ ታክኮ ይሄዳልና።

መርዝ የመጨረሻው መሣሪያ ነው። ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ጥቁር ዱቄት በሆድ ውስጥ ወደ መርዛም ጋዝ ይለወጣል፤ ማርከሻ የለውም፣ ጥቂት ቀምሶ የታመመ አይጥም ዳግመኛ አይነካውም። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሌላው ወገን ከብዙ ቀን በኋላ ይገድላል፤ ለዚህኛው ቫይታሚን ኬ ማርከሻ አለው፣ ሕመምተኛው ግን ፈጥኖ ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት። ለሰብል ተባይ የመጣ መድኃኒት ከእህል ጋር አደባልቆ መበተን ፈጽሞ መከልከል አለበት፤ ሕፃንና ከብት የሚሞተው በዚህ ነው። መርዙን የሰለጠነ ሰው በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ያኑረው፤ የሞተውም አይጥ ተቀብሮ ድመትና አሞራ አይድረስበት። ጉጉት የሞት ምልክት ናት እየተባለ የምትገደልበት አገር ብዙ ነው፤ እርስዋ ግን በየሌሊቱ አይጥ ለቅማ የምትኖር ወፍ ናትና ሹሙ በዚህ ነገር ሕዝቡን ቢመክር የመርዝ ወጪ ይቀንሳል።

መርዝ ሳይደረግ ብዙ አይጥ በአንድ ጊዜ ሞቶ ቢገኝ ማንም በእጁ አይንካው፤ ለጤና ባለሥልጣን ወዲያው ይነገር። ወረርሽኙን ወደ ሰው የሚያስተላልፈው ቁንጫ ከሞተው አይጥ ላይ ይነሣልና። አሮጌ ጎጆ ሲፈርስም አቧራው እንዳይነሣ በረኪና በተቀላቀለበት ውሃ ይራስ፣ ሠራተኛውም አፍና አፍንጫውን ይሸፍን።

ሥራው የሚጀመርበትን ቀን ሹሙ ከሽማግሌዎች ጋር ተማክሮ ለመንደሩ ሁሉ አንድ ያድርገው፤ የሌለ ጎረቤት ቢኖር ግቢው በወገኖቹ እጅ ይጸዳ። በመጀመሪያው ሳምንት ዙሪያው ይመነጠር፣ ወጥመዱም ይጠመድ፤ በሁለተኛው ቀዳዳ ይደፈን። አይጡ ውስጥ ሳለ አስቀድሞ ቢደፈን ሌላ ቀዳዳ ቦርቡሮ ይወጣል። ከዚህ በኋላ በየጎተራው ሥርና በየደጃፉ ማታ ስስ አመድ ይነስነስ፤ ጧት በአመዱ ላይ የእግርና የጅራት ምልክት የታየበት ቤት በመዝገብ ተጽፎ፣ ቀዳዳው እስኪገኝ ድረስ እንደ ገና ይፈተሽ።