ድረ ገጽና የአንባቢ ምርጫ፦ የላሊበላ ምሳሌ

ድረ ገጽ የሚያዘጋጅ ሰው በቅድሚያ ሊወስን የሚገባው የገጹን ቀለም ወይም የሥዕሉን አቀማመጥ ሳይሆን አንባቢው ማን እንደሆነ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅ የክፍሉን ደረጃ ሳያውቅ ምዕራፍ እንደማይጀምር ሁሉ፣ የድረ ገጽ አዘጋጅም ቋንቋውን፣ የጽሑፉን ርዝመትና የሥዕሉን ብዛት የሚመጥነው ባሰበው አንባቢ ልክ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው ሐሳቡን በመረጠው የማሰራጫ ዘዴ የመግለጽ ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። ለማን እንደሚጽፍ መምረጥም ከዚሁ ነፃነት የሚመነጭ ነው።

ስለ ላሊበላ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የተዘጋጁ ገጾች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ቅርሱን እ.ኤ.አ. በ1978 የመዘገበው ዩኔስኮ በገጹ የሚያስረዳው በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በሌሎች የውጭ ቋንቋዎች ለዓለም አንባቢ ነው። የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት በሌዘር ለክቶ ያዘጋጃቸው ሞዴሎች በይበልጥ የሚያገለግሉት የጥገና ባለሙያዎችንና ተመራማሪዎችን ነው። የሆቴሎችና የአስጎብኚዎች ገጾች ደግሞ ስለ በረራ፣ ስለ መኝታና ስለ ገና በዓል ለእንግዳ ይናገራሉ። ሁሉም ለመረጡት አንባቢ ተገቢውን አድርገዋል። ይሁን እንጂ በቤተ ጊዮርጊስ አጠገብ አልፎ ትምህርት ቤት የሚሄደው የላስታ ልጅ ታስቦ የተጻፉ አይደሉም። አዘጋጆቹ ለእርሱ ቃል ስላልገቡ ሊወቀሱ አይገባም። ጉድለቱ የሚሞላው ይህንኑ ነፃነት ለልጁ ሲል የሚጠቀም አዘጋጅ ሲገኝ ነው።

ይህ ነፃነት ግን ለመንግሥት መሥሪያ ቤት በእኩል መጠን የተሰጠ አይደለም። ሕዝብን ለማገልገል የተቋቋመ ተቋም አንባቢው አስቀድሞ በኃላፊነቱ ተወስኗል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 9 መረጃና ኢንተርኔት ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆኑ ይጠይቃል። በመሆኑም የትምህርት ቢሮ ገጽ ማየት ለተሳነው ተማሪ በድምፅ ሊነበብ የሚችል መግለጫ ከየሥዕሉ ጋር ሊያቀርብ ይገባል።

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ በአማርኛ ገጽ ማዘጋጀት ዛሬ ብዙ ቴክኒካዊ ችግር የለበትም። አንባቢዬ ተማሪዬ ነው ብሎ የሚነሣ መምህር ከዚህ በኋላ ያሉትን ውሳኔዎች በቀላሉ ይደርስባቸዋል። አንደኛ፣ ደካማ በሆነ የስልክ መስመርም እንዲከፈት የፎቶግራፎቹን መጠን ያሳንሳል። ሁለተኛ፣ ለእንግዳ ሊብራራ የሚገባውን፣ ለምሳሌ የማኅሌትን ምንነት፣ ልጁ ስለሚያውቀው በአጭሩ ያልፈዋል። ሦስተኛ፣ ልጁ በየቀኑ እያየ ያልጠየቀውን ያነሣል፤ ይኸውም ዓለቱ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ መሆኑን፣ ሕንጻው ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈለ እንዴት እንደተሠራና የዝናቡ ውኃ በየትኛው ቦይ እንደሚወርድ ነው። እንዲህ ሲሆን የሳይንስና የታሪክ ትምህርት ከልጁ ደጃፍ ይጀምራል።

ስለዚህ የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ለድረ ገጽ ሥራ በጀት ከመመደባቸው በፊት፣ ገጹ ለማን እንደሚዘጋጅ በጽሑፍ እንዲገለጽላቸው ቢጠይቁ መልካም ነው።