ከክርስትናው ቀን አስቀድሞ

በታች ጋይንት በአርብ ገበያ፣ እንደ ሌላውም የክርስቲያን አገር ሁሉ፣ ወንድ የተወለደ እንደ ሆነ አርባውን፣ ሴት የተወለደች እንደ ሆነ ሰማንያውን ቀን ቤተሰቡ እየቆጠረ ይጠብቃል። ነገር ግን ያ ቀን ሳይደርስ ሕፃኑን የሚነጥቅ አንድ ደዌ አለ፤ ይኸውም መንጋጋ ቆልፍ፣ በሐኪሞች አነጋገር ቴታነስ የሚባለው ነው።

ሕፃኑ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በደኅና ይጠባል። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ግን መጥባት ይሳነዋል፤ ሰውነቱ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ እጅ ሲነካው ይንዘፈዘፋል። ይህን ያየ ሰው «ዓይነ ጥላ ነው» ቢል አይፈረድበትም። እውነተኛው ምክንያት ግን በአፈርና በከብት እበት ውስጥ የሚኖር ረቂቅ ተሕዋስ ነው። እርሱም የሚገባው እትብቱ ባልተቀቀለ ምላጭ ሲቆረጥ፣ ወይም በቁስሉ ላይ ቅቤና እበት ሲደረግበት ነው።

አፈርን ከዚህ ተሕዋስ ማጥራት አይቻልም። ስለዚህ አስቀድማ መዘጋጀት ያለባት እናቲቱ ናት። እርስዋ ስትከተብ በደምዋ ውስጥ የሚፈጠረው መከላከያ ገና በማኅፀን ሳለ ወደ ፅንሱ ይተላለፋል። ያልተከተበች ነፍሰ ጡር የመጀመሪያውን መርፌ ፈጥና ትወስዳለች፤ ሁለተኛውን ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ከመውለድዋም ሁለት ሳምንት አስቀድማ ትወስዳለች። ሦስተኛው ከስድስት ወር በኋላ፣ አራተኛውና አምስተኛው በየዓመቱ ልዩነት ይሰጣሉ። አምስቱን የፈጸመች እናት በመውለጃ ዘመንዋ ሁሉ የተጠበቀች ናት።

መርፌው ፅንሱን ይጎዳል የሚል ሥጋት በአንዳንድ ቤት ይሰማል። ክንድን ጥቂት ያሳምም ይሆናል እንጂ ለእናትም ለፅንስም የማይጎዳ መሆኑ በብዙ አገር፣ በብዙ ዘመን የታወቀ ነው።

አገራችን ይህን ደዌ በየወረዳው በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት ከአንድ በታች ማድረስዋ በ2009 ዓ.ም. ተረጋግጦላታል። ይሁን እንጂ ተሕዋሱ ከመሬቱ አልጠፋምና ክትባቱ በተተወበት ቤት ደዌው ይመለሳል።

እንግዲህ የቤቱ አባወራ ሆይ፣ ዓርብ ገበያ ስትወጣ ነፍሰ ጡር ባለቤትህን ወደ ጤና ጣቢያ ይዘሃት ሂድ፤ መንገዱ ቢከብዳት የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቅላት። የክትባቱንም ካርድ እንደ ርስት ሰነድ ጠብቀው። በምጥዋ ሰዓት ማርያም ማርያም እያልን ስንማፀን፣ አስቀድመን ልናደርግ የሚገባንን ያላደረግን ሆነን አንገኝ። የክርስትና አባት ከመምረጣችን በፊት ሕፃኑ ለክርስትናው እንዲደርስ እናስብ።