የሥራ ሥርዓትና የኮምፒዩተር መዝገብ አብረው ስለ መሰናዳታቸው

ኮምፒዩተር ወደየመሥሪያ ቤቱ መግባቱ እጅግ የሚጠቅም ነገር ነው። ነገር ግን የሥራው አካሄድ ሳይመረመር መሣሪያው ብቻ ቢገዛ፤ የተጣመመው ሥራ ይፈጥናል እንጂ አይቃናም። ስለዚህ ሁለቱን አብሮ ማሰናዳት ይገባል። ይህንንም የቡና ንግዳችን ያስረዳናል።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ግብይት ሲጀምር የሥራው መንገድ እንዲህ ተወሰነ። ምርቱ ወደ መጋዘን ይገባል፤ ናሙናው ታይቶ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ይመዘናል፤ ለባለንብረቱም የመጋዘን ደረሰኝ በኮምፒዩተር ይመዘገብለታል። ሻጭና ገዥ አዲስ አበባ ላይ በዋጋ ሲስማሙ ከረጢቱ ሳይነቃነቅ ባለቤትነቱ በመዝገብ ይዛወራል፤ ገንዘቡም በማግሥቱ በባንክ ለሻጩ ይደርሳል። በዚህም ምርቱን በቃል አምኖ በዱቤ ይሰጥ የነበረ ሻጭ ከመከዳት ዳነ።

ሆኖም አንድ ነገር ጎደለ። የልዩ ልዩ ባለቤቶች ቡና አካባቢውና ደረጃው አንድ ከሆነ በመጋዘን እንደ አንድ ተቆጥሮ ይከማች ነበር። በውጭ አገር ያለ ገዥ በአንድ ጣቢያ የታጠበውን ቡና ለይቶ ቢፈልግ በዚህ መንገድ ሊያገኘው አልቻለም። እንዲህ ያለው ቡና ብልጫ ያለው ዋጋ የሚያወጣ ስለሆነ ጉዳቱ እስከ ገበሬው ይደርሳል። ጥፋቱ ግን የኮምፒዩተሩ አልነበረም፤ በመጋዘን የተቀላቀለውን መዝገብ መልሶ ሊለየው አይችልምና። ቡናው የመጣበት ስፍራ እየታወቀ እንዲሸጥ መንገድ የተከፈተው በ2009 ዓ.ም. በወጣው የቡና ግብይት አዋጅ ቁጥር 1051 የግብይቱ ሥርዓት ራሱ ከተሻሻለ በኋላ ነው።

እንግዲህ በየወረዳው ያላችሁ ሹማምንት ለማዳበሪያም ሆነ ለዘር እደላ አዲስ መዝገብ ከማሠራታችሁ በፊት፤ አንድ ኩንታል ከጎተራ ወጥቶ ከገበሬው እጅ እስኪገባ ድረስ ተከታትላችሁ እዩ። ማን ይረከባል? ማን ይፈርማል? አንዱ ቃል ስንት ጊዜ ይገለበጣል? ጉዳዩስ ከማን ዘንድ ይዘገያል? ትርፉን ድካም አስቀሩ፤ ኋላ የሚጠየቀውንም ነገር ለይታችሁ ወስኑ። የገበሬው ስምና የወሰደው መጠን ርክክቡ በሚፈጸምበት ስፍራ ወዲያው ይጻፍ፤ ከወር በኋላ ከብጣሽ ወረቀት ተለቅሞ የሚገባ ቍጥር አይታመንም። በምክሩም ጊዜ የጎተራው ኃላፊና ጸሐፊው ከኮምፒዩተር ባለሙያው ጋራ አብረው ይቀመጡ። ባለሙያው መሣሪያውን ያውቃል፤ ሥራው የሚሰናከልበትን ስፍራ የሚያውቁት ግን እነርሱ ናቸው።