የገባችበት አልታወቀም

በቤተ ሰብ መካከል ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። ይለቀሳል፤ ይቀበራል፤ ፍትሐት ይደረሳል፤ በአርባው ቀን ተዝካሩ ይወጣል። ኀዘኑ ቢከብድም መንገዱ የታወቀ ነው። ወደ ጦር ሜዳ ሄዶ፣ ሞተ ወይም አለ ሳይባል፣ «የገባበት አልታወቀም» የሚል ወረቀት ብቻ የደረሰው ቤት ግን ይህ መንገድ የለውም። ቄሱ ስም ሲጠይቋት እናቲቱ የልጇን የክርስትና ስም ከሕያዋን ጋር ታስጠራ ወይስ ከሙታን ጋር? ነጠላዋን ታዘቅዝቀው ወይስ አስተካክላ ትልበሰው? በአገራችን እንዲህ ያለውን ቤት ያላየ አንባቢ ጥቂት ይመስለናል። ዛሬ የምንጽፈው ግን በሩቅ አገር ስለ ነበረች አንዲት ልጅና ስለ እናቷ ነው፤ ይልቁንም ልጅቱን ፍለጋ ስለ ወጡት መምህርት።

ሊዲያ ሊትቪያክ በሞስኮ ከተማ በነሐሴ ወር 1921 ተወለደች። (ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።) የቤትና የጓደኛ ስሟ ሊሊያ ነበረ። ገና በዐሥራ አራት ዓመቷ ወደ አውሮፕላን ነጂዎች ማኅበር ገብታ ተማረች፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ብቻዋን በረረች፤ ጦርነቱ ከመድረሱ በፊትም ራሷ ሌሎችን የምታስተምር ሆና ነበር። በ1937 በስታሊን ዘመን በነበረው የጅምላ እስራት አባቷ ተይዘው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። በዚያ ዘመን የእንዲህ ያለ ሰው ልጅ መሆን በግንባር ላይ እንደ ተጻፈ ምልክት ነበረ። እናቷ አና ቫሲሊየቭና ከልጃቸው ከሊሊያና ከታናሽ ወንድሟ ጋር ቀሩ።

በሰኔ 1941 የጀርመን ጦር ሶቪየት ኅብረትን ወረረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ስመ ጥሩዋ የአየር መንገደኛ ማሪና ራስኮቫ ሦስት የሴቶች የአየር ጓዶች ለማቋቋም ተፈቀደላቸው፤ በቮልጋ ወንዝ አጠገብ ባለችው በኤንግልስ ከተማም ሥልጠናው ተጀመረ። ሊሊያ ከተዋጊዎቹ ክፍል ገባች። ስለ እርሷ ከሚነገረው ሁሉ አንድ ትንሽ ነገር አንረሳም። ለክረምት ከታደላት ጫማ ውስጥ ያለውን ፀጕር ቈርጣ በበረራ ልብሷ አንገት ላይ ሰፋችው፤ ጌጥ አደረገችው ማለት ነው። ራስኮቫ ይህን አይተው ሌሊቱን ተቀምጣ እንድትፈታው አዘዟት። ሃያ ዓመት ያህል የሆናት ልጅ ነበረች። ወደ ጦር ግንባር ከሄደችም በኋላ ከሜዳ አበባ ቀጥፋ በአውሮፕላኗ ውስጥ ታኖር እንደ ነበር ጓደኞቿ ተናግረዋል።

በመስከረም 1942 ወደ ስታሊንግራድ ተላከች፤ ከወንዶች ጋር ተሰልፋም በዚያ ወር የመጀመሪያዎቹን የጠላት አውሮፕላኖች ጣለች። የድሏን ብዛት ጸሓፊዎች በየፊናቸው ከአምስት እስከ ዐሥራ ሁለት ያደርሱታል፤ እኛ በቍጥሩ አንከራከርም። በጦርነቱ መካከል ቈስላለች። የ1943 ዓ.ም. የበጋ ወራት ደግሞ የኀዘን ወራት ሆኑባት፤ በግንቦት እጅግ የምትወደው የጦር ጓደኛዋ አሌክሲ ሶሎማቲን በዐይኗ ፊት ወድቆ ሞተ፤ በሐምሌም ከመጀመሪያው አንሥቶ አብራት የተዋጋችው ካትያ ቡዳኖቫ ተገደለች።

ኦገስት 1 ቀን 1943፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 25 ቀን 1935 ዓመተ ምሕረት፣ በሚዩስ ወንዝ ግንባር ላይ ሊሊያ በያክ-1 አውሮፕላኗ ተነሣች። ሐምሌ 25 በእኛ ዘንድ የሰማዕቱ ወታደር የቅዱስ መርቆሬዎስ ቀን ነው። የዚያን ዕለት በረራዋ አራተኛው ነበረ። አብሯት የነበረው ኢቫን ቦሪሴንኮ የጠላት አውሮፕላኖች ሲያሳድዷት በደመናው ክፍተት አየ፤ ደመናው ሲገለጥ ግን እርሷም አሳዳጆቿም አልነበሩም። የወደቀ አውሮፕላን ተፈለገ፤ አልተገኘም። ሃያ ሁለት ዓመት ሊሞላት ዐሥራ ሰባት ቀን ቀርቷት ነበር።

እንግዲህ የዚህ ታሪክ ከባዱ ክፍል ከዚህ ይጀምራል። በነሐሴ 1941 የወጣው 270ኛው ትእዛዝ እጅ የሰጠ የጦር ሹም እንደ ከዳተኛ እንዲቈጠርና ቤተ ሰቡም እንዲጠየቅ ያዝ ነበር። ሬሳው ያልተገኘ ሰው ምናልባት ተማርኮ ይሆናል ተብሎ ይጠረጠራል። ሊሊያ ራሷ በሕይወቷ ሳለች ከሁሉ ይልቅ የምትፈራው የገባችበት ሳይታወቅ መቅረትን እንደ ነበር፣ የአውሮፕላኗ መካኒክ የነበረችው ኢና ፓስፖርትኒኮቫ መስክራለች፤ ምክንያቱም የአባቷ ነገር ነበረ። የፈራችው ደረሰባት። የሶቪየት ኅብረት ጀግና እንድትባል አለቆቿ ቢያቀርቡም ሬሳዋ ስላልተገኘ ሽልማቱ ቀረ። ተማርካ ከጠላት ጋር ታይታለች የሚል ወሬም ተነዛ። እናቲቱ አልቅሰው ሊቀብሯት አልቻሉም፤ በልጃቸው ቀና ብለው ሊሄዱም አልቻሉም። ከሞት ይልቅ ወሬ ቤትን እንደሚያፈርስ በመንደራችንም አይተናል።

በዶንባስ ምድር፣ በክራስኒ ሉች ከተማ፣ ቫለንቲና ቫሽቼንኮ የሚባሉ መምህርት ነበሩ። ወይዘሮዋ ተማሪዎቻቸውን አሰባስበው በዚያ አካባቢ የወደቁትን አውሮፕላን ነጂዎች፣ ይልቁንም ሊዲያ ሊትቪያክን፣ መፈለግ ጀመሩ። ከመንደር ወደ መንደር እየሄዱ ሽማግሌዎችን ይጠይቃሉ፤ በዚያ በጋ ምን ወደቀ፣ ወዴት ወደቀ፣ ማን ቀበረው ይላሉ፤ የተባለውን ስፍራ ይቈፍራሉ። ፓስፖርትኒኮቫም ፍለጋውን አግዛለች። የሊሊያን ሳያገኙ ሠላሳ ያህል የሌሎች አውሮፕላኖችን ስብርባሪ እንዳገኙ ተጽፏል። እኛም በመምህርነት ስንኖር ልጆች በእግራቸው ሄደው በእጃቸው የነኩትን ትምህርት እንደማይረሱ ስላየን፣ እነዚህን ተማሪዎች አካፋ ይዘው በእርሻው ጠርዝ ላይ ቆመው እናያቸዋለን። ከመሬት በወጣ ቍጥር ሁሉ ላይ የአንድ ሰው ስም አለ፤ ከስሙም በስተጀርባ ሲጠብቅ የኖረ ቤት አለ። የሚፈልጓትን ልጅ ባያገኙም የሌላውን ሰው እናት አሳርፈዋል።

በመጨረሻ መልሱ ከመንደር አፍ ተገኘ። በ1969 በጋ ኮዤቭንያ በሚባል ትንሽ መንደር አጠገብ ልጆች ሲጫወቱ የሰው ዐፅም አግኝተው ነበር፤ ዐፅሙም ማንነቱ ሳይጻፍ በዲሚትሮቭካ መንደር በወታደሮች የጋራ መቃብር ተቀብሮ ነበር። ፈላጊዎቹ ይህን የሰሙት በ1979 ነው። ሲጠየቅ የተቀበረችው አውሮፕላን ነጂ ሴት ሆና ተገኘች፤ ቁመቷ አጭር፣ ቍስሏም በራሷ ላይ ነበረ። በዚያ ግንባር የገባችበት ያልታወቀ ሌላ ሴት ተዋጊ ነጂ ስላልነበረች ሊሊያ ናት ተባለ። ከትእዛዙ መዝገብ አንዲት ሐረግ ለማስለወጥ ግን ሌላ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። በሐምሌ 1988 ስሟ በመቃብሩ ላይ ተጻፈ፤ በኅዳር ደግሞ የመከላከያ ሚኒስቴር «የገባችበት አልታወቀም» የሚለውን ሰርዞ በጦር ግዳጅ ላይ እንደ ሞተች አስመዘገበ። የጀግንነቱ ሽልማት በሚካኤል ጎርባቾቭ ትእዛዝ የተሰጣት በሜይ 5 ቀን 1990 ነው፤ ቀኑ ሚያዝያ 27፣ እኛ የአርበኞቻችንን ድል የምናከብርበት ዕለት መሆኑን ሳናስታውስ አላለፍንም።

ይህን ሁሉ የማይቀበሉ ሰዎች አሉ። ከሴቶቹ ጓድ ወገን የነበረችውና የጓዱን ታሪክ የሰበሰበችው የካተሪና ፖሉኒና፣ ሊሊያ ተማርካ እንደ ነበር እስከ መጨረሻው ተከራክራለች። ተማርካ ቢሆንስ ምን ነበረበት? በግድ እጅ መያዝ ኀጢአት ሆኖ የተቈጠረው በዚያ ትእዛዝ እንጂ በእግዚአብሔር ዘንድ አይመስለንም። ለመምህርቷ ልጆች ግን ነገሩ ስለ ምርኮ ክርክር አልነበረም፤ ማን እዚህ ተኝቷል የሚል ጥያቄ ነበረ፤ ለዚያም የቻሉትን ያህል መልስ ሰጡ።

ያ የዶንባስ ምድር ከ2014 ጀምሮ እንደገና የጦር ሜዳ ሆኗል። እነዚያ ተማሪዎች በቈፈሩት አገር አዲስ ስብርባሪ ወድቆበታል፤ በሁለቱም ወገን ያሉ እናቶችም የልጃቸውን ስም ይዘው ከሕያዋን ጋር ያስጠሩት ወይም ከሙታን ጋር ሳያውቁ ይጠብቃሉ።