የኤስኤስዲ ሞዴል ቁጥር እንዴት ይነበባል?

የጥምቀት፣ የጋብቻና የሒሳብ መዛግብታቸውን በኮምፒውተር የሚይዙ የወላይታ ዞን አጥቢያዎች ያረጀውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ሲተኩ፣ ወጪው የሚሸፈነው ምእመናን ከሰጡት ገንዘብ ነው። ለኮምፒውተሩ የማይስማማ ዕቃ ከሶዶ ተገዝቶ ወደ ቦዲቲ ወይም ወደ አረካ ቢወሰድ፣ ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ከዋጋው አስቀድሞ ሞዴል ቁጥሩን ማንበብ ይገባል።

የኪንግስተንን «ኤስኤ400ኤስ37/240ጂ» እንመልከት። የመጀመሪያው «ኤስ» ኤስኤስዲ መሆኑን፣ «ኤ400» የምርቱን ዓይነት፣ «ኤስ3» ሳታ 3 የተባለውን መገናኛ፣ «7» የ7 ሚሊሜትር ውፍረቱን፣ «240ጂ» 240 ጊጋባይት መያዙን ያመለክታሉ።

በዌስተርን ዲጂታሉ «ደብልዩዲኤስ500ጂ2ቢ0ኤ» ደግሞ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው የመጨረሻው ፊደል ነው። «ኤ» ከሆነ መጠኑ እንደ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ 2.5 ኢንች የሆነ ሳታ ነው፤ «ቢ» ከሆነ ኤም.2 የሚባለው ቀጭን ሰሌዳ ሆኖ መገናኛው ሳታ ነው፤ «ሲ» ከሆነ ግን ያው ኤም.2 ሆኖ መገናኛው ኤንቪኤምኢ ነው። ሦስቱም 500 ጊጋባይት ቢይዙም አንዱ በሌላው ፈንታ ላይሠራ ይችላል።

ስለሆነም ሰበካ ጉባኤያት ኮምፒውተሩ የሚቀበለውን ዓይነት አስቀድመው በባለሙያ እንዲያረጋግጡ፣ ሙሉው ሞዴል ቁጥርም በፕሮፎርማው ላይ እንዲሰፍር እንዲያደርጉ እናሳስባለን። ዕቃው ገቢ ሲሆን ሞዴል ቁጥሩም ሲሪያል ቁጥሩም በሞዴል 19 ይመዝገቡ፤ የፊተኛው የዕቃውን ዓይነት፣ የኋለኛው ያንኑ አንድ ዕቃ ለይቶ ያሳውቃልና። አሮጌው ዲስክም መዛግብቱ በሙሉ መገልበጣቸው ሳይረጋገጥ አይወገድ።