አንድ ሰው ወይስ ሁለት? የሚጋጩ ስሞችና የልደት ቀኖች በዘር ሐረግ ፕሮግራም ውስጥ

ባለፈው ዓመት የቤተሰባችንን የዘር ሐረግ የምይዝባት ትንሽ ፕሮግራም ለራሴ መጻፍ ጀመርኩ። ከባዱ ሥራ ኮዱ መስሎኝ ነበር፤ ከባዱ ግን የማይስማሙ መረጃዎችን ማስታረቅ ሆነ። እንዲያውም አንዲት ሕፃን በአንድ ጠቅታ ከቤተሰባችን ሰርዤ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜሪላንድ የሚኖሩት አክስቴ እትዬ ምትኬ ፓስፖርታቸው የተወለዱት ጃንዋሪ 1 ቀን 1946 እ.ኤ.አ. ነው ይላል። ከአገር ቤት ይዘውት የመጡት የቀበሌ መታወቂያ ደግሞ 1946 ዓ.ም. ይላል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ዘመኑ ግን አይደለም። የእኛ 1946 የጀመረው ሴፕቴምበር 11 ቀን 1953 እ.ኤ.አ. ነው። ቅጹን የሞላው ሰው ዓመቱን ሳይቀይር ገልብጦ፣ የማያውቀውን ቀንና ወር በጃንዋሪ 1 ሞልቶታል። አክስቴ በወረቀት ከሰባት ዓመት በላይ አርጅተዋል ማለት ነው።

ሦስተኛው መረጃ በቴሌግራም የደረሰኝ ፎቶ ነው። አያቴ በዳዊታቸው ኅዳግ ላይ «ጥር 21 ቀን፣ ዕለተ እሑድ፣ በዘመነ ማርቆስ ወለተ ማርያም ተወለደች» ብለው ጽፈዋል። ዓመተ ምሕረት የለውም። የአክስቴ የክርስትና ስም ወለተ ማርያም ነው፤ 1946ም ዘመነ ማርቆስ ነበር። ፕሮግራሜ «አንድ ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም» ሲለኝ ደስ ብሎኝ አዋሐድኳቸው።

ማታ ደውዬ «እትዬ፣ ልደትዎን አገኘሁት፤ ጥር 21 ነው» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «ያቺ እኮ እኔ አይደለሁም፤ እኔ የእሷ ምትክ ነኝ። ስሜን ረሳኸው እንዴ?» አሉኝ።

አፈርኩ። በእኛ አገር ልጅ ሞቶ ቀጥሎ ለሚወለደው ምትኩ፣ ምትኬ፣ ካሳ ወይም ካሳሁን የሚል ስም ማውጣት የተለመደ ነው። ከፊት ሌላ ልጅ እንደነበረ ስሙ ራሱ ይናገር ነበር፤ እኔ ግን እንደ መረጃ አልቆጠርኩትም።

ቃላቸውን በስሌት ፈተሽኩት። ወንጌላዊውን ለማግኘት በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ 0 ዮሐንስ ነው። ስለዚህ 1938፣ 1942፣ 1946 እና 1950 ሁሉም ዘመነ ማርቆስ ናቸው። ጥር 21 ግን በ1938 ማክሰኞ፣ በ1942 እሑድ፣ በ1946 ዓርብ፣ በ1950 ረቡዕ ነበር። እሑድ የዋለው በ1942 ብቻ ነው፤ ይኸውም ጃንዋሪ 29 ቀን 1950 እ.ኤ.አ.። ተመሳሳይ ጥምረት የሚመለሰው በ28 ዓመት ነው፤ በ1914 ደግሞ አያቴ ራሳቸው ልጅ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙን እንዲህ አስተካከልኩት፦

አንደኛ፣ ለልደት ቀን አንድ ሳጥን አይበቃም። እያንዳንዱ ቀን ከነምንጩ ይቀመጥ። ጌድኮም የተባለው የዘር ሐረግ ፋይል ቅርጽም ለአንድ ሰው ከአንድ በላይ የልደት መረጃ ይቀበላል፤ የተመረጠው መጀመሪያ ይጻፋል።

ሁለተኛ፣ ቀኑ እንደተጻፈ ከነዘመን አቆጣጠሩ ይቀመጥ፤ የተቀየረው ለብቻው ይሁን። ዓመት ብቻ ከታወቀ ቀንና ወሩን ባዶ ተዉት።

ሦስተኛ፣ ኃይሉ፣ ሀይሉ እና ሐይሉ ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ለፍለጋ ብቻ አንድ አድርጓቸው፤ ሰነዱ ላይ ያለውን አጻጻፍ አትንኩ።

አራተኛ፣ ማዋሐድ ሁልጊዜ የሚመለስ ይሁን። እኔ የድሮውን ቅጂ ባላስቀምጥ ኖሮ ያዋሐድኩትን መለየት አልችልም ነበር።

አሁን በዘር ሐረጋችን ከእትዬ ምትኬ በላይ አንዲት ወለተ ማርያም አለች፤ ጥር 21 ቀን 1942 ዓ.ም. ተወለደች። የቤት ስሟን አክስቴም አያውቁትም፤ ሳጥኑ ባዶ ነው። በእሳቸው ልደት ላይ ደግሞ «1946 ዓ.ም.፣ ቀኑ ያልታወቀ» ብዬ ጻፍኩ። ሳነብላቸው «ይበቃኛል፤ የእሷን ግን እንዳታጠፋው» አሉኝ።